ቆላ የወረደችው ሞተር

መካኒኩ ወጣት ሳለ ጋራዥ ውስጥ ቤንዚን ተቀጣጥሎ ሁለት እጁን ለበለበው። ከሞት በመትረፉ «እሳት የተፋው» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ስሙን እንደ ማዕረግ ይዞ አረጀ፤ በሞተር ሳይክል ጉዳይ ማንም አፉን እንዲከፍትበት አይፈልግም ነበር።

የእህቱ ልጅ ነርስ ናት። ከተራራው አናት ቆላ ወዳለው ጤና ጣቢያ የምትመላለሰው ለጭቃና ለአቀበት በተሠራች ሞተር ነው። ላይ አየሩ ስስ ነውና ቤንዚን በዝቶባት ጥቁር ጭስ ብትተፋ፣ አጎትየው ቤንዚን ከአየር የሚደባለቅበትን ካርቡራተር ከፍቶ የቤንዚን ቀዳዳውን በጠባብ ቀየረላት። ሞተሯ ደጋ ላይ ፈረስ ሆነች።

ነርሷ ግን ተመልሳ መጣች። «ጋሼ፣ ቆላ ስወርድ ትግላለች። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ ቤንዚኑ አነሳት መሰለኝ።»

«አንቺ መርፌሽን ውጊ!» ብሎ ሠራተኞቹን አሳቀባት። ሊያሳፍራትም ራሱ ነድቶ ወረደ።

የቆላው ገበያ መሀል ፒስተኑ ግሎ ተጣበቀና ሞተሯ ቀጥ አለች።

«አባባ፣ ሣር ያብሏት እንጂ!» አለ አንዱ ሻጭ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ላብ እያጠመቀው እስከ ጤና ጣቢያው ገፋት። ነርሷ ወጥታ አየችው፤ አልሳቀችም።

«ፀሐይ ላይ አይቁሙ ጋሼ፣ ይግቡ» ብላ ውሃ ሰጠችው። ያ ከገበያው ሳቅ ይልቅ አንገቱን አስደፋው።

«ፒስተኑን እቀይራለሁ፣ ለቆላ የሚሆነውንም ቀዳዳ እገጥምልሻለሁ» አላት መሬት መሬት እያየ። «ያ ቀላሉ ነው። ነገ ግን ጋራዥ ነይልኝ ልጄ። ያሳቅሁብሽ ሠራተኞቼ ፊት ነው፤ ይቅርታ የምልሽም እነሱ ፊት ነው። ከሞተሯ ይልቅ የጨነቀኝ እሱ ነው።»