ሳይቀደድ የተከሰሰው መስኮት

እኔ ገና አንደኛ ዓመት ነኝ። ደባርቅ ባለችው ላብራቶሪያችን የተሰጠኝ ሥራ አቧራ መጥረግና የተጠየቅሁትን ማቀበል ነው። ቴክኒሻኑን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ማይክሮፕሮብ የሚባለውን ማሽን አጎንብሼ በጥንቃቄ ስጠርግ ሲያዩኝ፣ «ተሳልመሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ» ይሉኛል።

ማሽኑ በተወለወለ ድንጋይ ላይ ኤሌክትሮን ይልካል፤ ድንጋዩ ኤክስሬይ ይመልሳል፤ ከዚያ ድንጋዩ ውስጥ ምን እንዳለ ይታወቃል። ኤክስሬዩን የሚቆጥረው ዲቴክተር ጋዝ የሚያልፍበት ትንሽ ክፍል ነው። ፊቱ ላይ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የፕላስቲክ መስኮት አለው። ከመስኮቱ ወዲህ ጋዙ አለ፤ ወዲያ ደግሞ አየሩ በፓምፕ የተመጠጠ ባዶ ቦታ ነው። መስኮቱ ከተቀደደ ጋዙ ያመልጣል፣ ቆጠራውም ይበላሻል።

ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት የሶዲየም ቆጠራ ይወርድ ጀመር። ጭንቁ የአንድ የማስተርስ ተማሪ ነበር። የዛሪማ ልጅ ነው፤ የደባርቅ ብርድ ስለማይስማማው ላብራቶሪ ውስጥም ጋቢውን አያወልቅም። ከአምቢኮ በላይ ለቅሞ ያመጣቸው ድንጋዮች ሶዲየማቸው ካልተለካ በሚቀጥለው ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፉን አያቀርብም፤ ካላቀረበ ደግሞ ዓመት ይራዘምበታል። ከሰዓት በኋላ እንዳይለካ መብራት ይጠፋል፤ ጀነሬተሩ ከፓምፑ በቀር ሌላ አይችልም።

«መስኮቱ ነው ጋሼ፤ ይቀየር» አለ።

«መለዋወጫው አንድ ብቻ ነው። ቀይረነው ጥፋቱ ሌላ ቢሆንስ? ጋቢህን ቀደን እንለጥፍበታለን?»

ጋሼ ጋዙን ለአፍታ ዘግተው የቫኪዩሙን፣ ማለትም የባዶውን ቦታ፣ መለኪያ ተመለከቱ። መስኮቱ የሚያፈስ ቢሆን ኖሮ ጋዙ ሲዘጋ ቫኪዩሙ ይሻሻል ነበር። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ጋዙን መልሰው ከፈቱ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «እኩለ ቀን ሲቃረብ ቆጠራው ይስተካከላል። ቀዳዳ በራሱ ይደፈናል እንዴ?»

«ይኸው የዳባቷ ልጅ ተናገረች። በይ ነገ ጎህ ሲቀድ መጥተሽ ማሽኑ ምን እንደሚሆን እዪ። መጥረጊያሽን ግን እቤት ተዪው።»

በማግስቱ ስደርስ የላብራቶሪው በር ተከፍቷል። በቅርቡ የሌሊት ዘበኛ የሆኑት አባባ፣ በበየዳ ገብስ ሲያርሱ የኖሩ ሽማግሌ፣ ከጋዙ ሲሊንደር አጠገብ ጎንበስ ብለው ቫልቩን ያዞራሉ። ጋዙ ከዲቴክተሩ ሲወጣ የሚያልፍበት የዘይት ጠርሙስ አለ፤ እሳቸው ሲያዞሩ ጠርሙሱ መንተክተክ ጀመረ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እየከፈትኩላችሁ ነዋ» አሉ ሳይደናገጡ። «ማታ ሲንተከተክ ትታችሁት ትሄዳላችሁ፣ ባለቤት እንደሌለው ቤት። እኔ እዘጋዋለሁ፤ ሳትመጡ ደግሞ እከፍተዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የሌሊት ተረኛ ከሆንኩ ወዲህ ነው። አላመሰገናችሁኝም ብዬም አልተቀየምኩ።»

ማመስገንም መውቀስም አቃተኝ። ጋዙ ሲቆም ሌሊቱን ሙሉ አየር ቀስ እያለ ወደ ዲቴክተሩ ይገባል፤ ጠዋት ጋዙ ሲከፈት ያንን አየር ጠርጎ ለማስወጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይህን እያሰብኩ፣ አባባን ሳላሳጣ ለጋሼ እንዴት እንደምነግር ስጨነቅ ጋሼ ገቡ። አባባ ራሳቸው ቀድመው በኩራት ነገሯቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ከዚያ ወደ ዲቴክተሩ ዞረው «ይህን ምስኪን መስኮት በከንቱ ስናማው ከረምን» አሉ። ለአባባም «ይቺ ጠርሙስ ስትንተከተክ ማደር አለባት። ዝም ካለች ሌሊትም ቢሆን ይደውሉልኝ» አሏቸው።

«እንዲያ ከሆነማ እኔ ነቅቼ እሷ አትተኛም» አሉ አባባ።

በነጋታው ቆጠራው ከማለዳው ልክ ነበር። የዛሪማው ልጅ የመጨረሻውን ድንጋይ ለክቶ ሲጨርስ መብራቱ ገና አልጠፋም። ጋቢው ወለል ላይ ወድቋል፤ እሱ ግን ልብ አላለውም። አንስቼ አጣጥፌ አስቀመጥኩለት። መለዋወጫው መስኮትም ካርቶኑ ውስጥ እንደታሸገ አለ።

አሁን ጠዋት ስገባ አባባ በር ላይ ይጠብቁኛል። «ስትንተከተክ አድራለች» ይላሉ። እኔም እንደ ልማዴ ጎንበስ እላለሁ።

«እጅ የምትነሺው እኔን ነው ወይስ ጠርሙሷን?» ይሉኛል።