ለጥቂት

ሎተሪ አዟሪው ውሸታም ሰው አይደለም። የዋሸው አንድ ውሸት ነው፤ እሱንም ለደግ ብሎ። ክፋቱ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ደጋገመው።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ ከመድከሙ የተነሳ ክሩን እንኳ በዳበሳ ነው መርፌ ውስጥ የምታስገባው፤ የሎተሪ ቁጥር ማንበብማ የማይታሰብ ነው። ለሌላ ሰው ማሳየትም አትወድም። የመጀመሪያ ቀን ሎተሪዋን ስትሰጠው ፊቷን አየና አንጀቱ አልችል አለው።

«እትዬ፣ ለጥቂት! በአንዲት ቁጥር አመለጠችዎ!»

እውነቱን ለመናገር አንድም ቁጥር አልገጠመም ነበር። እሷ ግን የደረሳት ያህል ፊቷ በራና ሌላ ቆረጠች። ከዚያ ወዲህ በየዕጣው «ለጥቂት» ሆነ። ደግነቱ ገበያም አመጣለት፤ ይህን ለማንም አልነገረም፣ ለራሱም ቢሆን።

አንድ ጠዋት ሱቋ ቢገባ የስፌት መኪናዋ የለም። ጠረጴዛው ላይ አቧራ ያልነካው ቦታ ብቻ ቀርቷል።

«መኪናውስ እትዬ?»

«ሸጥኩታ! ዕድሌ ስንት ጊዜ ደጄ ድረስ መጥታ ተመለሰች? አሁን ባልይዛት የሰው ቂል እኔ ነኝ። በል የያዝከውን ሁሉ አምጣ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ቢሆንም ሞከረ።

«እትዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አንድም ቀን ቀርቦልዎት አያውቅም። ደግሞ ዕጣ መቅረብ የሚባል ነገር የለውም። ባለፈው ማን እንዳመለጠው አያስታውስም፤ ሁሌም እንደ አዲስ ነው፣ ከስንት መቶ ሺህ አንዱ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይነሱ፣ ሄደን መኪናውን እናስመልስ።»

ሰማችውና ሳቀች።

«አወቅሁብህ! ልትደርሰኝ ስትል ለራስህ ልታስቀራት! እኔ ልጄ እያልኩህ! ምቀኛ!»

ገንዘቧን ጨብጣ ከመንገዱ ማዶ ወደቆመው ሌላ ሎተሪ አዟሪ ተሻገረች። እሱ እጇን ይዞ ሊያስቀራት አልደፈረም፤ በምን አፉ?

ዕጣው በወጣ ማግስት ግድግዳ ጥግ ቆሞ ከሩቅ አያት። የማዶው አዟሪ ሎተሪዎቿን አንድ በአንድ እያነበበ ጨረሰና ቀና ብሎ ፊቷን አየ። የእሱም አንጀት አልችል አለው መሰለኝ።

«አይ እማማ!» አላት። «ለጥቂት!»

«ምን አልኩ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ፊቷ በርቶ።