ፊቷን የከለከለችው መካኒክ

ኦውያንግ ሊፈን ከቻይናዋ ፉጂያን ግዛት አሜሪካ ሳንዲያጎ የገባችው በልጅነቷ ነው። አባቷ ምግብ ቤት ከፍቶ ጉድ ጉድ ሲል እሷ የአሜሪካ ባህር ኃይል ገባችና የሄሊኮፕተር መካኒክ ሆነች።

«ለወታደርነት ነው ባህር ያሻገርኩሽ?» ብሎ አባቷ አኩርፎ ሰንብቶ ነበር። በኋላ ግን ለደንበኞቹ ስለ እሷ ማውራት አልታከተውም።

በቻይናውያን አዲስ ዓመት ሰሞን የአገር ልጆች ማኅበር ሊቀመንበር ጂ ቦቹዋን እራት ጋበዛት። ከልጅነቷ ጀምሮ አንቱ የምትለው ሰው ነው። ከተቀቀለው ዓሣ የጉንጩን ሥጋ፣ ለክቡር እንግዳ የሚሰጠውን፣ በቾፕስቲክ አንስቶ ሳህኗ ላይ አኖረላት።

«አገርሽን አኮራሽ፣ ልጄ።»

«የትኛውን አገር ነው፣ አጎቴ?»

«ሁለቱንም!» ብሎ ሳቀ። ሻይ ከተቀዳ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ ሞተር የሚመራመር ወዳጅ አለኝ። ከምትሠሪበት ቦታ ጥቂት ፎቶ ብቻ። አያትሽ እዚያ ፉጂያን ብቻቸውን ናቸው አይደል? ሰው ልኮ ይጠይቅልሻል።»

ሊፈን የጎረሰችው ዓሣ አፏ ውስጥ ገማባት። ሶፍት ላይ ተፋችውና ፊቱ አስቀመጠችው።

«አያቴን ሁለተኛ እንዳታነሳ፤ አንተ» አለችው። ማዕዱን ትታ ወጣች።

በማግስቱ ለአለቃዋ ለማክናብ ነገረችው። «ጎበዝ፣ ደግ አደረግሽ» አላት። ከምሳ በኋላ መግቢያ ባጇን ተቀበላት።

ከዚያ መርማሪ መጣ። ከረሜላ እየመጠጠ ነበር የሚጠይቃት።

«ከእናትሽ ጋር በምን ቋንቋ ነው የምታወሪው?»

«በእናቴ ቋንቋ።»

«ሕልምሽስ በምን ቋንቋ ነው?»

ሰው የውስጥ ልብሷን በእጁ እየበረበረ የሚያገላብጥባት መሰላት። ቤቷ ገብታ ገላዋን ደጋግማ ታጠበች።

ጉዳዩ እስኪጣራ ተብሎ በጋውን ሙሉ መጋዘን ስትጠርግ ከረመች። አብረዋት ሞተር ሲፈቱ የኖሩት ልጆች ሲያልፉ «ዛሬስ ስንት መጥረጊያ ለቤጂንግ ሸጥሽ?» ይሏታል። መጀመሪያ አብራ ትስቅ ነበር። በኋላ የገዛ ሳቋ አስጠላት።

ጂ ደግሞ ፖሊስ ጠይቆ ከለቀቀው ወዲህ የራሷን ሰው ሸጠች ብሎ በየቤቱ አወራባት። ገበያ ውስጥ የሚያውቋት ሴቶች ፊታቸውን አዞሩባት፤ የአባቷም ደንበኞች ሳሱ።

«እዚያም ሰላይ፣ እዚህም ሰላይ ተባልሽ» አለ አባቷ። «ምናለ ዝም ብትዪ?»

«ዝም ብል ኖሮ አባባ፣ ዓሣውን እውጠው ነበር።»

በመከር ነጻ ናት ተባለ። ማክናብ ባጇን መለሰላትና «በቃ፣ አለቀ። ቅሬታ የለም አይደል?» አላት። ይቅርታ የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። ብዙም ሳይቆይ ከሕዝብ ግንኙነት የመጣች ሴት ካሜራና የፊት መኳኳያ ይዛ፣ ማክናብን አስከትላ የሄሊኮፕተር ጥገናው በር ላይ ቆመች።

«ታሪክሽ ግሩም ነው፤ ለምልመላው ፖስተር ፊትሽን እንፈልገዋለን። ሁላችንም አንድ ነን የሚል ነው» አለችና ብሩሹን ወደ ጉንጯ አስጠጋች።

ሊፈን የሴትዮዋን እጅ ቀስ አድርጋ መለሰችው።

«አልነሳም።»

«ትእዛዝ እኮ አይደለም፤ ክብር ነው።»

«ትእዛዝ ካልሆነማ ጥሩ። ክብሩን ለማክናብ ስጡት፤ ሕልሙን ማንም አልጠየቀውም።»

ማክናብ ፊቱ ቀላ። «ትንሽ ፈገግ ብትዪ ምን ነበረበት?»

«በጋውን ፈገግ ብዬላችሁ ነበር» አለችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የአገልግሎት ውሏ ሲያልቅ አላደሰችም። አሁን የደን እሳት የሚያጠፉ ሄሊኮፕተሮች ትጠግናለች፤ ሥራውን ትወደዋለች። አባቷ ማኅበሩ ግብዣ ሲጠራው የሚሄደው ብቻውን ነው። ማክናብ በየበዓሉ የመልካም ምኞት መልእክት ይልክላታል። ስሙን ስታይ ሳትከፍተው ታጠፋዋለች።