በሊጥ የታሸገው ኮምፒዩተር

መካኒኩ አለበል ሞተር አይፈራም ነበር፤ የሚፈራው ማኅተም ነው። ምን ያድርግ፣ ዘመኑ የደርግ ነው፤ አንድ ብሎን የጠፋበት ሰው «የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» ተብሎ ወህኒ ይወርዳል።

በ1980 ዓ.ም. እሱ ወደሚሠራበት የባሕር ዳር ጋራዥ ከአዲስ አበባ አንዲት አዲስ መኪና መጣች። ቤንዚኗን የሚመጥንላት ኮምፒዩተር ነው፤ ከወንበሯ ሥር ያለ የቆርቆሮ ሳጥን። ክዳኑ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስበው «ይህን ወረቀት የነካ ከአብዮቱ ጋር ነው የሚጣላው» አሉ።

መኪናዋ ግን ከከተማው ስትወጣ እንደ አሮጊት ታስላለች፤ ቅርብ ያለችው መሸንቲ ሳትደርስ ቀጥ ትላለች። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «እስከ ዓርብ ካልተሠራች ያበላሸሃት አንተ ነህ» አሉት። ይኸውላችሁ ፍርድ! ቢከፍተው ወንጀል፣ ባይከፍተው ወንጀል።

አለበል የሞተሯን ማቀጣጠያ ካንዴላ ፈትቶ ቢያየው ነጭ ነው፤ ቤንዚን አንሷታል። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ወረቀቱን በሻይ እንፋሎት አላቀቀና ሳጥኑን ከፈተ። ቤንዚኑን የምታበዛውን ትንሽ ብሎን ሩብ ዙር አዞራት። መኪናዋ አንዴም ሳታስል መሸንቲን አልፋ ዱርቤቴ ደርሳ ተመለሰች። ሙጫ ስላልነበረው ወረቀቱን የለጠፈው ሚስቱ ባንቺአየሁ በሰጠችው ሊጥ ነው።

ወይ አለበል! የጣና ዳር ጉንዳን ሊጥ አይቶ የሚያልፍ መስሎታል።

በሳምንቱ ጓድ አምሐ የሚባሉ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ መጡ። ወንበሩን ሲያነሱ ጉንዳኑ ተሰልፎ ሳጥኑ ላይ ይርመሰመሳል፤ ወረቀቱም ተንሸራቶ እግራቸው ሥር ወደቀ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአለበልን ያወጡት ጉንዳኖች ናቸው።

አምሐ ወረቀቱን አነሡት። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን «መዝገቡን ያምጡልኝ» ብለው ላኩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብሎኗን ስንት አዞርካት?» አሉ።

አለበል ጎንበስ አለ። «ሩብ ዙር ነው ያዞርሁት ጌታዬ። ልጆች አሉኝ፤ ይማሩኝ።»

«እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ግማሽ ዙር አዙሬያታለሁ» አሉ አምሐ። «እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥቁር ጭስ አስቸግሯት ቤንዚኗን ቀነስኩላት። መልሼ ያሸግኳትም እኔው ነኝ። ዝቅ ወዳለ አገር ስትወርድ እንደሚያንሳት የታወሰኝ ከላክኳት በኋላ ነው። ሁለት ወር ሙሉ፣ አንዱ መካኒክ ከፍቶ ጉዴን ያወጣዋል ስል እንቅልፍ አልነበረኝም።»

ከቦርሳቸው አዲስ ወረቀት አውጥተው ማኅተም መቱበት፤ በደህና ሙጫም ለጠፉት። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ይዘው ሲመለሱ «ማኅተሙን ጉንዳን በልቶታል፤ አድሼዋለሁ። መኪናዋ ጤነኛ ናት» አሏቸው አምሐ።

አለበል ሳምንት ሙሉ እህል አልወርድ ብሎት ነበር። የዚያን ዕለት ግን እራቱን ጠራርጎ በላ። ባንቺአየሁ «ምን አሉህ?» ብትለው ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡበት።

«እሳቸውም ሲፈሩ ነው የከረሙት» አላት።