ቅሬያቸውን ለተከራይ የሰጡት እትዬ ትርንጎ

እትዬ ትርንጎ አሊ አረፉ። ኮምቦልቻ ላይ ከእጃቸው ሙያ ቀስማችሁ ዛሬ በየአገሩ የተበተናችሁ፣ ደሴ ፒያሳ የራሳችሁን ልብስ ስፌት የከፈታችሁ፣ ባለፈው ሳምንት ቀብረናቸዋል። ለብዙዎቻችሁ ሳናረዳ ቀርተናልና ይቅር በሉን፤ ስልካችሁን በየጊዜው እየለወጣችሁ እኛስ ምን እናድርግ? የሰሙት ግን ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚጠይቁን፦ «ለመሆኑ ማን ቀበራቸው?» ጥያቄው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ያውቃል። ለማያውቀው ከሥሩ ልንገረው።

እትዬ ትርንጎ በወጣትነታቸው አሮጌው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብተው ጡረታ እስኪወጡ ሠርተዋል። አዲሶቹ ፋብሪካዎች ሲከፈቱና ከየገጠሩ የመጣነው ልጆች ከእጅ መርፌ በቀር የማናውቅ ሆነን ስንገኝ፣ አሠልጣኝ ይሁኑ ተብለው ተመለሱ። እኔ ከገራዶ መጥቼ በገባሁበት ቀን የማሽኑን ጩኸት አልቻልኩትም። ጥዬ ስወጣ በሩ ላይ ያዙኝ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ አገሬ!» አልኳቸው። አፌ ያኔም አያርፍም ነበር።

ሻሼን ጆሮዬ ላይ አጥብቀው አሰሩልኝና «የፋብሪካ ጩኸት እንደ አማት ነው ልጄ፤ ይለመዳል እንጂ ዝም አይልም» አሉኝ። ሳላስበው ሳቄ መጣ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ።

ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ሰው በሰው ሆነች። ጓሮ የነበረው ሁሉ የሚከራይ ክፍል ተሠራበት። ከተማው ለኪራዩና ለሥራው ፈለገን እንጂ ከዚያ ወዲያ አላሰበንም። እኛም ብንሆን አላሰብንበትም፤ ማን በልጅነቱ ስለ ቀብሩ ያስባል? በእኛ ወሎ ቅሬ የምንለው፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ የቤት ባለቤቶቹ ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ይቀባበራል። እትዬ ትርንጎ የወንጌል አማኝ ነበሩ፤ የቅሬያቸው ሰብሳቢ ደግሞ ሐጂ ሰይድ። ይህ በእኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። ተከራይ ግን በቅሬው ውስጥ አልነበረም።

አንድ ክፍል ተጋርታኝ የምትኖረው አስካል በአጭር ሕመም አንድ ቀን ጠዋት በእጄ ላይ ሞተች። የኩታበር ልጅ ነበረች፤ ከሠራተኛው ሁሉ ሳቂታዋ። ለአባቷ ደወልኩ። «መጣሁ» ብቻ ብለው ዘጉት። አከራያችን ደግሞ «ቶሎ መኪና ፈልጊና ትውጣልኝ» ይለኛል፤ እንደ ዕቃ! አባቷ መጥተው ልጃቸውን በተዘጋ ክፍል፣ ያለ ድንኳን፣ ያለ አንድ አልቃሽ ቢያገኟት ምን ይሉ ነበር? ሰው ያልወጣለት ሬሳ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሮጬ ወደ ሐጂ ሰይድ ሄድኩ። የቅሬው ዕቃ ቤት ደጃፍ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ወላሂ ልጄ፣ አንጀቴን በላሽው» አሉኝ። «ግን ደንብ አለ። ቅሬ ገንዘብ አይደለም፤ ወጥቶ መቅበር ነው። እናንተ ፋብሪካ ስትገቡ ማንን ወጥታችሁ ቀብራችሁ ታውቃላችሁ? ነገ ደግሞ ሌላዋ ትሞታለች። ከእኛ እናንተ ትበዛላችሁ፤ ማን ችሎ ይቀብራል?»

ያበገነኝ እውነታቸውን መሆኑ ነው። ፋብሪካ ለጎረቤት ለቅሶ ብሎ ማንን ይለቃል? እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ይህን ጊዜ እትዬ ትርንጎ የሥራ ጋዋናቸውን ሳያወልቁ ከተፍ አሉ። ወሬው ሥራ ቦታቸው ደርሷቸው ኖሯል።

«ሐጂ፣ ስለ ደንቡ ልክ ነዎት» አሉ ቆመው። «ግን ፋብሪካው በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ቅሬውስ ለምን በፈረቃ አይቀብርም? አንዱ ፈረቃ ሲገባ ሌላው ውጭ ነው። ውሃ ይቅዳ፣ ድንኳን ይትከል፣ ለቀብር ይውጣ።»

«ኧረ በአላህ ትርንጎ! ሞት ፈረቃ አለው እንዴ?»

«የለውም። ለዚህ እኮ ነው ሁሉም ፈረቃ የሚያስፈልገን።»

አንድ ሽማግሌ ሳቀ። ሐጂ ግን አልሳቁም። «መልካም ሐሳብ ነው፤ ግን አባል ሁሉ ተሰብስቦ የሚመክርበት እንጂ ዛሬ እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም» አሉ። እጄ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። የአስካል አባት ናቸው፤ «ደሴ ገብቻለሁ» አሉኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ ምን ሩቅ ነው? እትዬ ትርንጎ ፊቴን አይተው ገባቸው።

«እንግዲያው የእኔን ስጧት» አሉ።

«የአንቺን ምን?»

«ቅሬዬን። ከልጅነቴ ጀምሮ ለዚህ ሰፈር ወጥቻለሁ፤ ያልቀበርኩት ሰው የለም። ለእኔ የሚተከለው ድንኳን ዛሬ ለአስካል ይተከል። እኔ ስሞት ጥሩምባ አትንፉ፤ ድንኳንም አታውጡ።»

በገዛ ቀብሩ የሚደራደር ሰው ማን አይቶ ያውቃል? «እየቀለድሽ ነው?» አሏቸው ሐጂ። «በሞት ቀልጄ አላውቅም» አሉና እጃቸውን ለዕቃ ቤቱ ቁልፍ ዘረጉ። ሐጂ ሰይድ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧቸው፤ ጥሩምባም ተነፋ።

የድንኳኑን ካስማ እየመታን ሳለ ባጃጅ መጣ። አባቷ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ወርደው በሩ ላይ ቆሙ። ድንኳኑን አዩ፣ ሴቶቹን አዩ፣ መግባት ፈሩ። «የማን ለቅሶ ነው?» ብለው ጠየቁ። አባት የልጁን ለቅሶ ሳያውቀው! እትዬ ትርንጎ ሄደው እጃቸውን ያዙ። «የእርስዎና የእኛ ነው አባቴ፤ ይግቡ» አሏቸው። ሰውዬው «ልጄ እዚህ ሰው ነበራት?» አሉና መሬት ላይ ተዘረጉ። አስካልን ኩታበር ድረስ ሸኘናት፤ ሐጂ ሰይድም ከፊት ነበሩ።

የፈረቃው ቅሬ ከብዙ ንትርክ በኋላ ጸደቀ። ስንቱን ቀበርን! የሌሊት ፈረቃ የወጣች እንቅልፏን ትታ ውሃ ትቀዳለች፤ ከሰዓት የምትገባ ጠዋት ወንበር ትደረድራለች። የሰፈሩ ሰው በስማችን መጥራት ጀመረ። እትዬ ትርንጎ ግን ቅሬያቸውን መልሰው አልወሰዱም። ለሰው ለቅሶ እንደ ድሮው ይወጣሉ፣ የራሳቸው ሲነሣ ግን «የእኔ ቅሬ ኩታበር ተቀብሯል» ይላሉ። ስጨቃጨቃቸው አንድ ቀን ተቆጡ። «መልሼ ከወሰድኩትማ ለአስካል አበደርኳት እንጂ መቼ ሰጠኋት?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ግትር ሰው!

ከዚያ ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጣና ፋብሪካዎቹ ጭር አሉ። ብዙዎቻችሁ የሄዳችሁት ያኔ ነው። ሥራው ሲመለስም እንደ ድሮው አልሆነም፤ ትእዛዝ ቀነሰ፣ ማሽኖች ሸራ ለብሰው ቀሩ፣ አንዲት ቀን የቀረች ሁሉ ነገ ቦታዋን ማግኘቷን እንጃ ሆነ። እትዬ ትርንጎ አርጅተው ሳሉ በየቤታችን እየዞሩ «አብሽሪ ልጄ፣ ክር ይበጠሳል፤ ይቀጠላልም» ይሉን ነበር። ሳላቸው ሲብስ እኔ ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። እኒህ ሴትዮ ዛሬ ቢሞቱ ማን ይወጣላቸዋል? ደንቡ እንደሆነ በራሳቸው አፍ ተዘግቷል። እኛ እንውጣ ብንል ደግሞ እንጀራችን አለ።

የፈራሁት ቀን መጣ። ሲነጋ አረፉ። ዜናው ፋብሪካ ሲደርስ አለቃችን «አዝናለሁ፣ ግን ከማሽኗ የተነሣች አትመለስ» አለ። እኔ የሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ቤታቸው ነበርኩ። ጥሩምባ አልተሰማም። በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሐጂ ሰይድ በከዘራ ተደግፈው፣ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ገቡ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሐጂ፣ እንግዲህ እሳቸው በራሳቸው አንደበት . . .» ሲል ጀመረ።

«ሰጥታለች» አሉ ሐጂ። «እኔ ነኝ ምስክሩ። እንግዲያው የእኔን ስጧት።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ፈረቃ የሚለወጠው ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ሰዓት» አልኩ።

«በስምንት ሰዓት በፋብሪካው በር በኩል እናልፋለን። ማንም ከሥራዋ አትነሣ፤ ማንም እንዳትቀር።»

ጥሩምባው ያኔ ተነፋ። የከሰዓቶቹ ጠዋቱን ድንኳን ተክለው አለቀሱ። ስምንት ሰዓት ላይ የጠዋቶቹ ሲወጡ፣ የከሰዓቶቹ ሊገቡ ሲሉ፣ አስከሬኑ በሩ ጋ ደረሰ። በግራና በቀኝ ቆምን፤ እትዬ ትርንጎ በመካከላችን አለፉ። የከሰዓቶቹ እያለቀሱ ወደ ማሽናቸው ገቡ፣ የወጣነው ተከተልን። አንዲትም ልጅ አላረፈደችም። ከመቃብሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመው አየሁ። የአስካል አባት ነበሩ፤ ከኩታበር ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እትዬ ትርንጎ፣ እናቴ፣ ጥሩምባ አትንፉ ብለውን ነበር፤ ነፋን። ድንኳን አታውጡ ብለውን ነበር፤ አወጣን። ያንን ግትርነትዎን አንድ ቀን እንኳ አሸነፍንዎት፤ ይቆጡን እንደሆነ ይቆጡ። ማሽኖቹ ዛሬም ይጮኻሉ፣ ሻሼንም እንዳሰሩልኝ አስራለሁ። አሁን ያለ ቅሬ የቀሩት ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ መቼም እርስዎ እዚያም ሆነው ይህ ያስጨንቅዎታል። አይጨነቁ። ቀናቸው ሲደርስ በየትኛውም ፈረቃ ይሁን፣ እኛ አለን። ደህና ይተኙ።