ሜትር ላይ የተሰፋው መንገድ

የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር በሰፈሩ የማይማረር ሰው የለም። ከማደያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍል እየኖረች ልብስ የምትሰፋው ሴት ግን ከሁሉም በላይ ነገሩን የራሷ አድርጋዋለች። መኪና የላትም፤ ሞተር ብስክሌትም የላትም። ሆኖም ከወደቡ እስከ አገሩ ጫፍ ድረስ በየትኛው ከተማ ሊትሩ ስንት እንደሚሸጥ የጠየቃት ሰው ካለ ሳትደናቀፍ ታንበለብልለታለች። ሰፈርተኛው በዚህ ምክንያት «የነዳጅ ሚኒስትሯ» ብሎ ስም አወጣላት፤ ውሎ አድሮ ነዳጁ ቀረና ሚኒስትሯ ብቻ ሆነች።

ልብስ ሊያስለካ የመጣ ደንበኛ ስለ ባለማደያው ስስት ካማረረ፣ ሚኒስትሯ መቀሷን አስቀምጣ ታስተምረዋለች።

«ስስት አይደለም ወንድሜ፤ መንገድ ነው። ነዳጁ በመርከብ መጥቶ እኛ ደጅ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ እዚህ ይረክሳል። ዳገቱን ሲወጣ ጎማ ይበላል፣ ፍሬን ይበላል፣ የሰው ወገብ ይበላል። እዚያ ላይ የሚኖር ሰው የሚከፍለው የኔን ሰውዬ ወገብ ጭምር ነው።»

የእሷ ሰውዬ የቦቴ ሾፌር ነው። ከተጋቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ከወደቡ ነዳጅ እየጫነ አገሩ ጫፍ ድረስ ሲያደርስ ኖሯል። በተጋቡ በጥቂት ወራቸው ሌቦች አንድ ቦቴ መንገድ ላይ አስቁመው ዘረፉና ኩባንያው ሾፌሮቹን ሰብስቦ ሕግ አወጣ፦ ማንም ሾፌር መንገድ ላይ ሳለ የት እንዳለ በስልክ ለማንም፣ ለሚስቱም ቢሆን፣ እንዳይናገር። ሾፌሩ ፈረመ። እሱ ደግሞ አንዴ ከፈረመ ፈረመ ነው፤ ግትርነቱን የወለደችው እናቱም አትክደውም።

«እና እኔ የት ወድቆ ቀረ እያልኩ ልሙትልህ?» አለችው ያኔ።

ሾፌሩ ብዙ አሰበና «ሊትሩ ስንት እንደሚሸጥ ብነግርሽስ?» አላት። «ዋጋ ቦታ አይደለም። ሰሌዳ ላይ ተሰቅሎ ለመንገደኛው ሁሉ የሚታይ ነገር ነው፤ ምን ሕግ አፈረስኩ?»

በዚያው ቀን ከመሳቢያዋ አንድ አሮጌ የልብስ መለኪያ ሜትር አወጣች። በየከተማው ዋጋ ቁጥር ላይ አንዳንድ ቁልፍ ሰፋችበትና ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ቁልፎቹን እየፈታች ወደ ላይ ታዛውራቸዋለች። ሜትሩ መቶ ሃምሳ ላይ ያልቃል፤ ቁልፎቹ እዚያ የደረሱ ቀን ጡረታ እንደሚወጣ ተማምለዋል። ይህ ታሪክ በሆነበት ሰሞን ነጩ ቁልፍ፣ ቤት ማለት ነው፣ ሰማንያ ላይ ነበር። ድልድዩ ሰማንያ ሁለት፣ ዳገቱ ሥር ሰማንያ አምስት፣ ዳገቱ ራስ ሰማንያ ስምንት፣ ከዳገቱ ወዲያ ያለው ሜዳ ዘጠና። የአገሩ ጫፍ ዘጠና አራት ላይ ጥቁር ቁልፍ ነው።

ሲደውል የት ነህ አትለውም። «አንተ ጋ ስንት ነው?» ትለዋለች። «ሰማንያ ስምንት» ሲላት ጣቷ ሜትሩ ላይ ይሄድና ቁልፉን ያገኛል፤ ዳገቱ ራስ ብርድ መሆኑን ታውቃለች፣ «ሹራብህን ልበስ» ትለዋለች። ቁጥሩ ሲወርድ እየቀረበ ነው፤ ቁጥሩ ሲወጣ እየራቀ ነው። ነጩን ቁልፍ ግን በስልክ ጠርቶላት አያውቅም። ቤቱ የገባ ሰው ለማን ይደውላል?

ታዲያ ባለፈው ዓመት የሚኒስትሯ ዓይን መድከም ጀመረ። በመጀመሪያ ክሩን ወቀሰች፤ «የዛሬ ክር ክር ነው እንዴ!» አለች። ቀጥሎ አምፖሉን፣ ቀጥሎ መነጽሩን። መጨረሻ ላይ የሚወቀስ ሲጠፋ ልብስ ሊወስድ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ መርፌ ላይ ክር አስገባልኝ ትል ጀመር። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ በሁለቱም ዓይኖች ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀኙ ይሠራል፣ የሚይዝሽ ሰው ይዘሽ ነይ አላት።

ለሾፌሩ «ትንሽ ጭጋግ ናት» ነው ያለችው። ዳገት የሚወጣ ሰው ሐሳብ ተጭኖ አይውጣ ብላ ነው። እሱም «ሐሙስ እጅሽን ይዤ የምገባው እኔ ነኝ» ብሎ ምሎ ሄደ።

ፍርሃቷ ከቢላዋ አልነበረም። ሕክምናው ሳይሰምር ቢቀርና ያችም የቀረቻት ብርሃን ብትጠፋ፣ መጨረሻ ያየችው ነገር የሱ ፊት እንዲሆን ፈለገች። ይህን ለማንም አልነገረችም።

ሰኞ ዘጠና አራት አለ፤ ጫፍ ላይ አራግፏል። ማክሰኞ ሰማንያ ስምንት አለ፤ እየመጣ ነው። ረቡዕ ጠዋት እንደ ልማዷ በሯን ከፍታ የማደያውን ሰሌዳ ቀና ብላ አየችው። የታያት ቀይ ጉም ነው። «ያው ናት» አለችና የታዘዘላትን ጠብታ አድርጋ ጋደም አለች። የዚያን ቀን ለደንበኛ አልከፈተችም። ስልኩ እኩለ ቀን ላይ ጮኸ።

«እሜቴ፣ ዘጠና!»

ጣቷ ሰማንያ አምስትን ሊይዝ ተዘጋጅቶ ነበር። «ስንት አልክ?»

«ዘጠና። ምነው፣ አነሰሽ?» ብሎ ሳቀ።

ጣቷ ሜትሩን ሽቅብ ወጣ። ዘጠና፣ ከዳገቱ ወዲያ ያለው ሜዳ። መልሰው ልከውታል ማለት ነው። «ነገማ…» ብሎ ሲጀምር ምክንያቱን ለመስማት አቅም አጣች።

«መንገድህን ተመልከት» አለችና ዘጋችበት። ሾፌሩ መሪ ይዞ ስልክ አያነሳም፤ እሷም መልሳ አልደወለችም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዓይንሽን አትነካኪ ተብላ ስለነበር እንባዋ በራሱ መንገድ ወርዶ በራሱ ጊዜ ደረቀ።

አመሻሽ ላይ ግን ሰው ይዘሽ ነይ መባሏ ትዝ አላት። ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና የመኪኖቹን ድምፅ እየለየች ወደ ማደያው ተሻገረች። ነዳጅ ቀጂዋ የረጅም ዘመን ጎረቤቷ ናት፤ ከባልና ሚስቱ ሌላ የቁልፎቹን ምስጢር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«እትዬ! ምን እግር ጣለሽ? እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ የሰው ስድብ ስቀበል ውዬ ብቅ ማለት አቃተኝ።»

«ነገ ሐኪም ቤት ትይዢኛለሽ?»

«ባልሽስ?»

«መልሰው ላኩት። ዘጠና ነው አለኝ።»

ቀጂዋ የያዘችውን የመቅጃ ጎማ ቦታው ላይ ሰቀለችና ትኩር ብላ አየቻት። «እትዬ፣ ዋጋ ሌሊቱን ጨምሯል እኮ! በየከተማው አምስት አምስት። ለዚህ አይደል ስሰደብ የዋልኩት? ሰሌዳው ይኸው ራስሽ ላይ ነው፤ አታይውም?»

ሚኒስትሯ ቀና አለች። ቀይ ጉም።

«አላይም» አለች። ይህን ቃል ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። «ስድስት ወር ሆነኝ። ቀይ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ቀጂዋ ቤንዚን ቤንዚን በሚሸት እጇ የሚኒስትሯን ሁለት እጆች ያዘች። ከዚያ ሚኒስትሯ ድንገት «ከዘጠና ላይ አምስት ሲነሳ…» ብላ ጀመረችና ጮኸች። «ሰማንያ አምስት! ዳገቱን ወርዷል! ጠዋት እዚህ ነው! እሰይ ጨመረ! እሰይ!»

ተራ የሚጠብቅ አንድ ባለታክሲ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ምኑ ነው እሰይ? እኛ በምን ልንበላ ነው?»

«ዝም በል፣ ሚኒስትሯ አጽድቃዋለች» አለችው ቀጂዋ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች።

ሐሙስ ጠዋት ሚኒስትሯ በማለዳ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ቁልፎቹን አላዛወረቻቸውም፤ መርፌው ላይ ክር የሚያስገባ አልነበረም። ስልኩ ጮኸ።

«እሜቴ፣ ሰማንያ አምስት።»

ጣቷ ከልማድ ሄዶ ዳገቱ ሥር ያለውን ቁልፍ ነካ፤ በአዲሱ ዋጋ ግን ሰማንያ አምስት ቤት ነው። ያኔ ድምፁ ሁለት ቦታ መሆኑ ታወቃት፤ አንዱ ጆሮዋ ውስጥ፣ አንዱ ከበሩ ውጭ። ተነስታ ከፈተች። ናፍጣ የሚሸት ረጅም ጥላ በሩን ሞልቶታል።

«ትናንት ለምን ዘጋሽብኝ? ሌሊቱን ሙሉ ምን አድርጌያት ይሆን እያልኩ ነው የነዳሁት።»

«ሰሌዳውን አላየሁትማ።» ቦርሳዋን ጨበጥ አደረገች። «ማየት አልችልም። ትንሽ ጭጋግ ያልኩህ ውሸቴን ነው። ሁለቱም ናቸው።»

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ፊቷ አቀረበ፤ ትንፋሹ እስኪሰማት፣ የጺሙ ሽበት አንድ በአንድ እስኪለይላት ድረስ።

«እዚህ ጋስ?» አላት።

«እዚህ ጋ አየሁህ።» በእጇ ጉንጩን ዳሰሰች። «ምላጭ የሚባል ነገር በየትኛው ከተማ ነው የጠፋው?»

ሐኪም ቤት እጇን ይዞ አስገባት። ነርሷ አልጋው ላይ አስተኝታ፣ ግራ ዓይኗን በጨርቅ ሸፈነችና ቀኙ ላይ የሚያደነዝዘውን ጠብታ ጨመረች። መብራቱ ሲበራ ያችው የቀረቻት ብርሃንም ነጭ ብቻ ሆነች፤ የማንም ፊት አልታይ አላት። ሾፌሩ ውጣ እስኪባል ድረስ ራስጌዋ ቆሟል፤ እሷ ግን የቆመበት ጠፋት።

«አንተ ጋ ስንት ነው?» አለች።

ነርሷ ግራ ገብቷት ሾፌሩን አየችው። እሱ የሚስቱን እጅ ፈልጎ ያዘና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ ብሏት የማያውቀውን በቀስታ ነገራት።

«እዚህ ነኝ» አላት።