የጋሽ አያሌው ቮልስ ቀይ መብራት

«ደንበኛ ካልተመለሰ ሥራው ጥሩ ነው» ይባላል። ውሸት ነው። እኛ አገር ደንበኛ የማይመለሰው ሠሪውን ላለማሳፈር ነው። ይሉኝታ ስንት መጥፎ ባለሙያ እንዳኖረ የቆጠረ የለም፤ ከነዚያ አንዱ እኔ ነኝ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የጀመርኩት ሞጣ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አለቃዬን ሰደባቸው። «አንተ ደንቆሮ! ሞተሪኖውን ሠራሁ ብለህ መንገድ ላይ አስቀረኸኝ!» አለቃዬ ቃል ሳይመልሱ ሞተር የሚያስነሳውን ያንን ሞተሪኖ ፈቱ። ሾፌሩ ሲሄድ «እንዴት ዝም ይላሉ?» አልኳቸው።

«ነግሮኝ ሄደ እኮ» አሉ። «ሳይነግረኝ ቢሄድስ?»

ፈሪ ናቸው ብዬ ናቅኋቸው። መጽሐፍ ማንበብ የጀመርኩበት ጊዜ ስለነበር ሰው መናቅ ቀሎኝ ነበር።

ቢቸና የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ ከዓመታት በኋላ ጋሽ አያሌው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የእርሻ ባለሙያ አሮጌ ቮልሳቸውን ይዘው መጡ። የመኪናው የድሮ ዲናሞ፣ የፊት መብራት ሲበራ ባትሪውን መሙላት ያቅተዋል። «እኅቴ ግንደወይን ታማለች» አሉ። «መቼ እንደምጠራ አላውቅም። ማታም የሚያስነዳ አድርግልኝ።»

ዲናሞውን አውርጄ በምትኩ ባትሪ በደንብ የሚሞላ አልተርኔተር ገጠምኩ። ወፍራም ገመድ ዘረጋሁ፣ የሚያዞረውን ቺንጋ ወጠርኩ። እስከዚህ ደህና ሥራ ነበር። ከዚያ አጉል ዘመናዊነት ያዘኝና ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ አምፖል አውጥቼ ኮረንቲ እምብዛም በማይበላው አዲሱ መብራት፣ በኤልኢዲ ተካኋት። ያቺ አምፖል ባትሪው አለመሞላቱን ከማሳየት ሌላ ሥራ አላት፤ አልተርኔተሩን የሚቀሰቅሰው ኮረንቲ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። ኤልኢዲ ደግሞ የሚበቃውን ያህል አያሳልፍም። ይህን አንብቤው ነበር፤ ግን ቸል አልኩ። ሞተሩን አስጮህኩት፤ ቀዩ መብራት ጠፋ፤ ቴስተሩም ባትሪው እየሞላ መሆኑን አሳየኝ። አስረከብኩ።

ሞተር ሲጮህ አልተርኔተሩ ያለ አምፖሉም ይቀሰቀሳል፤ ካልጮኸ ግን ባትሪው ሳይሞላ ይቀራል። ጋሽ አያሌው ደግሞ ሞተር አያስጮሁም፤ ለዶሮ እንኳ ቅድሚያ የሚሰጡ ሾፌር ናቸው።

ጥቂት ቀን ቆይተው በእግራቸው ሲያልፉ ሱቄ በር ላይ ቆም አሉ። «ቀዩ መብራት አንዳንዴ አልጠፋ ይላል። ምናልባት እኔ አላወቅሁበት ይሆናል» አሉ።

«ጋሼ፣ ቮልስ እኮ ነው፣ በቅሎ አይደለም! ነዳጁን ረገጥ ያድርጉት እንጂ» አልኩ።

ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። ስለ መብራቱ ዳግመኛ አላነሱም። እኔም ሥራው ጥሩ ነው አልኩ።

እኅታቸው ሲሞቱ ልቅሶ ልደርስ ቤታቸው ሄድኩ። አንድ ጎረቤት ለማጽናናት ያህል ይቀልዳል። «የጋሽ አያሌው ቮልስ እኮ ቁልቁለት ካላገኘ አይነሳም። ሰፈርተኛው ሲገፋ ሲገፋ ጡንቻ አወጣ!» ሁሉም ያውቃል፤ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከግንደወይን የመጡ አንዲት አሮጊት ዘመድ ግን አልሳቁም። «አያሌው፣ ማታ ተጠርተህ ምነው ቀረህ? እኅትህ እስከ ንጋት በር በሩን ስታይ ነበር። አንተ ስትደርስ ገንዘናት ነበር።»

ጋሽ አያሌው እኔን አየት አደረጉና ፊታቸውን መለሱ። «ዓይኔ ነው» አሉ። «ማታ መንገድ አይለይልኝም።»

ዳዊት በጧፍ ብርሃን ያለ መነጽር የሚደግሙ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው መሬት መሬት አዩ። የዘገንኩት ንፍሮ እጄ ላይ ቀረ።

የመኪናውን ቁልፍ ከባለቤታቸው ተቀብዬ ወጣሁ። ቮልሱ ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለት ቆሟል። አሮጌዋን አምፖል ከሱቅ አምጥቼ መለስኩ። ተገፍቶ ሲነሳ፣ ሞተሩን ሳላስጮህ መብራቱ ጠፋ። ጋሽ አያሌው ደጃፍ ቆመው ያያሉ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«እጅህ ይባረክ፤ ያረጀ መኪና አስቸገረህ።»

ያን ጊዜ የሞጣውን ሾፌር ስድብ ተመኘሁ።

ትምህርቱ አጭር ነው። የቻርጅ መብራት አምፖል ዝም ብሎ በኤልኢዲ አይተካም። መኪናም የሚሞከረው በባለቤቱ አነዳድ እንጂ በሠሪው አይደለም።

አንባቢዬ፣ ቢቸናም ሁን ሞጣ፣ እኔ የነካሁት መኪና ካስቸገረህ በዓይንህ አታመካኝ። ሱቄ ድረስ ናና ሰው ፊት ስደበኝ።